እናቴ ሌሊት ትፈትል ነበር

እናቴ ሌሊት ጥጥ ትፈትል ነበር። ደምበጫ አጠገብ ባለው የገጠር ቤታችን እኛ ልጆቿ መደብ ላይ ተደርድረን ስንተኛ፣ ከኩራዙ አጠገብ የእንዝርቷ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ከእህትና ወንድሞቼ መካከል ይህን ድምፅ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሊት የምነቃው እኔ ነበርኩና። ጎረቤቱ ሁሉ «እሷ እኮ ሌሊቱን ቀን አድርጋ የምትሠራ ሴት ናት» እያለ ያመሰግናታል፤ እኛም እንኮራለን። እንቅልፍ አጥታ ትሆናለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔም የገባኝ ከሞተች በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ «እትዬ፣ ከቤተሰብዎ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም» አልኩት። ወጥቼ ኮሪደሩ መሀል ስደርስ እንዝርቷ ትዝ አለኝና ተመልሼ ገባሁ።

ደብረ ማርቆስ የማስተምር የሒሳብ መምህርት ነኝ። ከኅዳር እስከ ግንቦት 2011 ዓ.ም. እንቅልፍ ርቆኝ ከረመ። እስካሁን የሚቆጨኝ፣ ቁጥር እያስተማርኩ የራሴን ሌሊት አንድም ቀን ሳልቆጥር ያን ያህል ጊዜ መቆየቴ ነው። እንቅልፍ ማጣት ማንም ላይ ድንገት የሚወድቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሰው ግን አስቀድሞ ራሱን ቢጠይቅ ለዚህ ችግር ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ማወቅ ይችላል። እኔ ዘግይቼ የጠየቅኋቸውን ጥያቄዎች ሌላው ሰው በጊዜ እንዲጠይቃቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

እናቴ ጥቅምት ላይ ታመመችና ከደምበጫ አመጣናት። 23 ቀን ሆስፒታል ስትተኛ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ሌሊት ከአልጋዋ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ጋቢ ደርቤ ጋደም እላለሁ፤ ትንፋሿ ትንሽ ከተለወጠ ብድግ ነው። ኅዳር ላይ አረፈች። እስከ አርባዋ ቤቴ ሰው አልተለየውም፤ ሴቶቹ አብረውኝ እያደሩ እስከ እኩለ ሌሊት እናወራ ነበር። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ባጣ ማንን ይገርማል? አርባዋ ወጥቶ ሰው ወደየቤቱ ሲገባ ግን እንቅልፌ አብሮ አልገባም። እተኛና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል፤ ከዚያ ወዲያ ስገላበጥ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል፣ ይነጋል።

ሐዘን የደረሰበት፣ ፈተና የቀረበበት፣ ልጁ የታመመበት ሰው ጥቂት ሌሊት ሳይተኛ ቢያድር በሽታ አይባልም። ሐኪሞች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የሚሉት ሌላ ነው። ሰውዬው ለመተኛት በቂ ጊዜና የሚተኛበት ቦታ እያለው ወይ እንቅልፉ ቶሎ አይወስደውም፣ ወይ መሀል ለመሀል ይነቃል፣ ወይ ያለ ሰዓቱ ነቅቶ መልሶ መተኛት ያቅተዋል። ይህም በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ 3 ወርና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ፣ ቀኑንም ሲያበላሽበት ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን የመጨረሻውን ነው። በቀን 6 ሰዓት ተኝተው ቀኑን ሙሉ ንቁ የሚሆኑ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ምንም አልሆኑም። እኔ ግን የካቲት ላይ የአንድ ተማሪ 38 እና 27 ውጤት ደምሬ 55 ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ እስኪ እንደገና ይደምሩልኝ» አለኝ። ሌሊቴ ቀኔን እየበላው እንደሆነ ያን ዕለት ልብ አልኩ።

«በቂ ጊዜ እያለው» የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትነሣለች፤ ቀን አግዳሚ ላይ ቁጭ ስትል ያንቀላፋታል። «እኔም እንዳንቺ እንቅልፍ አጥቻለሁ» ትለኝ ነበር። እሷ ግን ጋደም ካለች በደቂቃ ውስጥ ጭልጥ ነው። የጎደላት የመተኛ ጊዜ ነው። የእኔ ችግር ጊዜ አልነበረም፤ አልጋ ላይ ሰፊ ጊዜ ነበረኝ፣ እንቅልፉ ነው የሌለው። ሁለቱን መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ መፍትሔያቸው ተቃራኒ ነውና።

ባለሙያው ወረቀት አውጥቶ ሦስት ነገር ጻፈልኝ፦ ይዘውት የመጡት፣ የቀሰቀሰው፣ ያቆየው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አርተር ስፒልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት አተያይ መሆኑን ነገረኝ። እንቅልፍ ማጣትን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ምክንያትና ኋላ ላይ የሚያቆየው ምክንያት አንድ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ስሰማ ስድስት ወር ሙሉ የተሳሳተ በር ሳንኳኳ እንደኖርኩ ተሰማኝ። ሐዘኔ እስኪያልፍ ነበር የምጠብቀው። ሐዘኑ ቀስ በቀስ ሲቀልልኝ እንኳ እንቅልፉ ያልመጣው፣ ሌሊቱን ይዞት የነበረው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

ይዤው የመጣሁትን ቆጠርነው። ሴት ነኝ፤ እንቅልፍ ማጣት ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ዕድሜዬ ያኔ 44 ነው፤ የወር አበባዬ መዛባት ጀምሮ፣ ሌሊት ሙቀት ሽቅብ እያለብኝ ብርድ ልብሱን እገፍፍ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ የሚረበሽባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። እናቴ ነበረች፤ ችግሩ በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። ደግሞ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፤ 12ኛ ክፍል ስፈተን ለወር ያህል፣ ሁለተኛዋን ልጄን ወልጄ ሕፃኗ ተኝታም እኔ አልተኛ ብዬ። አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው እንደገና ሊደርስበት እንደሚችል ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለች፣ ለማንም ሰው የምጠይቃት እሷን ነው። ነገ መንገድ ካለብህ፣ ወይ ዛሬ ከሰው ጋር ተቃቅረህ ከዋልክ፣ ማታውን እንዴት ታድራለህ? ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ማለዳ 11 ሰዓት የሚነሣ ከሆነ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከድንም፤ የዓባይን በረሃ ስንወርድ ነው የሚያንቀላፋኝ። ባለቤቴ ያንኑ ሌሊት እንደ ድንጋይ ተኝቶ ተቀስቅሶ ይነሣል። ጭንቀት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እንቅልፉ የሚነካበት ሰው ለወደፊቱ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ያለፉትን ሌሊቶች ማስታወስ በቂ ነው።

ሌላው ሰው ይዞት የሚመጣው የምክንያት ቁልል ከእኔ ይለያል። ድባቴ ወይም የቆየ ጭንቀት ያለበት ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ እንቅልፍ ያጣም ወደ ድባቴ ይገፋል፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የሚጠዘጥዝ ሕመም፣ አስም፣ በስኳር ወይም በፕሮስቴት ምክንያት ሌሊት ሽንት መመላለስ፣ ከልክ በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ፣ በፈረቃ የሚያድር ሥራ፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። መድኃኒትም አለበት። ለምሳሌ ለአስምና ለመሰል ሕመም የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል፤ መቼ እንደሚዋጥ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት መጠየቅ ነው እንጂ በራስ ማቋረጥ አይገባም።

የቀሰቀሰውን በአንድ መስመር ጨረስነው፤ የእናቴ መታመምና መሞት። ሦስተኛው፣ «ያቆየው» የሚለው ላይ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ደግሞም ያመመኝ እሱ ነው፤ ሁሉንም ያደረግሁት ለመዳን ብዬ ነበርና።

አንደኛው አልጋ ነው። የጎደለኝን ላካክስ ብዬ ከምሽቱ 2፡30 መተኛት ጀመርኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ 10 ሰዓት እተኛለሁ። ሌሊት ስነቃ ደግሞ ስልኬን አንሥቼ ሰዓት አያለሁ፤ «8፡20 ሆኗል፣ አሁን ብተኛ እንኳ አራት ሰዓት» እያልኩ እቀንሳለሁ። የሒሳብ ሰው ሌሊት መቀነስ ሲጀምር መቼ ይተኛል? አልጋዬ የማሰቢያና የመጨነቂያ ቦታ ሆነ። ሳሎን ወንበር ላይ ዓይኔ ይከደናል፤ አልጋው ላይ ስወጣ ወዲያው ይነቃል።

ሁለተኛው ቡና ነው። ይህን ለኛ አገር ሰው አጥብቄ እነግራለሁ። ሁዳዴ ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም የጠዋቱ ቡና ይቀራል። ቡናው ራሱ ግን አይቀርም፣ ወደ ማታ ይዞራል። ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ ጾም ፈትቼ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እጠጣ ነበር። ካፌይን እንቅልፍ እንዲመጣ አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን አዴኖሲን የሚባል ነገር ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክለዋል። ከጠጣነው ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። በዚህ ስሌት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ቡና እኔ ውስጥ ነበር። «እኔ ቡና ጠጥቼ እተኛለሁ» የሚሉ አሉ፤ ይተኛሉም። እንቅልፋቸው ግን ሊሳሳ ይችላል፣ እነሱም አይታወቃቸውም።

ሦስተኛው አረቄ ነው። አንዲት የምወዳት ዘመዴ «አንድ መለኪያ ብትይበት ትተኛለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ተኛሁ። ከአራት ሰዓት በኋላ ልቤ እየመታ፣ አፌ ደርቆ ነቃሁ። አልኮል መጀመሪያ ላይ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይሰባብረዋል። እኔ ደግሞ ችግሬ ድሮውንም ሁለተኛው አጋማሽ ነበር። ስምንት ቀን ያህል ቀጠልኩበት፤ መለኪያው አንድ ተኩል ሲሆን ፈርቼ ተውኩት። ከሌላ ሰው የተረፈ ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን የሰጠኝም ነበር፤ አልዋጥኩትም። የሚለመድ መድኃኒት ነው፣ ያለ ሐኪም አይዋጥም፤ ለምደውት ድንገት ማቆም ደግሞ ራሱ አደገኛ ነው።

«ዓይነ ጥላ ነው» ብለውኝ ጸበልም ሄጃለሁ። አልተጸጸትኩም። 14 ቀን በየማለዳው 11 ሰዓት እየተነሣሁ ተጠመቅሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፌ በመጠኑ ተሻሻለ። ስጨርስ ወደ ድሮው ተመለሰ። ይህን ለባለሙያው ስነግረው አልናቀብኝም። የጸበሉን በረከት ለእግዚአብሔር ትተን፣ ያን ጊዜ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣቴ ራሱ ሰውነቴን እንደረዳው አስረዳኝ። የመነሻ ሰዓት ካልተዛነፈ የመተኛው ሰዓት ቀስ ብሎ ይከተላል።

ራሴን የለካሁበት መጠይቅ የካናዳው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቻርልስ ሞሪን ያዘጋጀው ነው፤ የእንቅልፍ ማጣት ክብደት መለኪያ ልበለው። ሰባት ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። እንቅልፍ እስኪወስድህ ምን ያህል ያስቸግርሃል፣ መሀል ላይ መንቃቱስ፣ ያለ ሰዓቱ መንቃቱስ፣ በእንቅልፍህ ምን ያህል ረክተሃል፣ ጉዳቱ ለሌላ ሰው ይታያል ወይ፣ ምን ያህል ያስጨንቅሃል፣ የቀን ሥራህን ምን ያህል ያውካል። እስከ 7 ችግር የለም፤ ከ8 እስከ 14 ደጃፍ ላይ ነህ፤ ከ15 እስከ 21 መካከለኛ ነው፤ ከ22 እስከ 28 ከባድ ነው። እኔ 2፣ 4፣ 3፣ 4፣ 2፣ 4፣ 3 ሰጠሁ። ድምሩ 22 ሆነ። ቁጥሩ ብቻውን ምርመራ አይደለም፤ ባለሙያውም እንዲህ ብሎኛል። ሆኖም ያን ቁጥር ወረቀት ላይ ሳየው አለቀስኩ፤ ስድስት ወር ሙሉ «ትንሽ ነው፣ ያልፋል» ስል የቆየሁት ነገር ልክ ነበረውና።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ደብተር ያዝኩ። ጠዋት ተነሥቼ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ሌሊት ሰዓት ማየት ተከልክያለሁ። ስንት ሰዓት አልጋ ላይ ወጣሁ፣ በግምት መቼ ተኛሁ፣ ስንት ጊዜ ነቃሁ፣ መቼ ተነሣሁ፣ ቡና መቼ ጠጣሁ። በ14 ሌሊት አልጋ ላይ የቆየሁት 140 ሰዓት፣ የተኛሁት 77 ሰዓት። ለእያንዳንዱ ሌሊት 10 ሰዓት አልጋ፣ 5 ሰዓት ተኩል እንቅልፍ፤ 55 በመቶ መሆኑ ነው። ጥሩ የሚባለው 85 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ማንም ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ይህን ደብተር ይዞ ቢሄድ ግማሹን ሥራ ጨርሶ ሄደ ማለት ነው።

ሕክምናው መድኃኒት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ እንዲሰጥ የመከረው ይህኑ አስተሳሰብንና ልማድን የሚለውጥ ሕክምና ነው። አልጋ ላይ የምቆይበት ጊዜ ወደ 6 ሰዓት ተቆረጠ፤ ከምሽቱ 5፡30 ገብቼ ንጋት 11፡30 እነሣለሁ፣ ቅዳሜም እሑድም። ወደ 20 ደቂቃ የሚሆን ጊዜ ሳልተኛ ከቆየሁ ተነሥቼ እወጣለሁ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ እመለሳለሁ። ሰኔና ሐምሌ ላይ የማርቆስን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሞቀ ብርድ ልብስ መውጣት ቅጣት ነበር። ጋቢ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ደብዘዝ ባለ መብራት ዳዊት እደግም ነበር። ቡና ከ7 ሰዓት ቀን በኋላ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከበፊቱ ይልቅ ደከምኩ፤ ይህን ሳይነግሩት የሚጀምር ሰው ያቋርጠዋል። ከዚያ እንቅልፉ መጠቅለል ጀመረ፣ 85 በመቶውን ባለፍኩ ቁጥር 15 ደቂቃ እየተጨመረልኝ ሄድኩ። በስምንተኛው ሳምንት ውጤቴ 9 ሆነ። ጊዜ መቁረጡን ግን በራሱ የሚጀምር እንዳይኖር አደራ። ሾፌር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ስሜቱ ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሰው ያለ ባለሙያ አይሞክረው፤ ማንም ቢሆን ከ5 ሰዓት በታች አይወርድም።

ሌላ ደግሞ፣ የእንቅልፍ ችግር ሁሉ ይህ አይደለም። ወንድሜ ያንኮራፋል፤ ሚስቱ «ትንፋሹ ቁርጥ ይልና በጉሮሮው አንቆት ይነቃል» ትላለች። እሱ ደህና እንደሚተኛ ነው የሚያምነው፤ ቅዳሴ ላይ ግን ቆሞ ያንቀላፋዋል። ይህ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ሊያባብሱበት ይችላሉ። ማታ ማታ እግሩን የሚወርረውና ካላንቀሳቀሰው የማያስችለው ሰውም ደሙ ውስጥ ያለው ብረት ይታይለት። ተስፋ የቆረጠ፣ ሞቱን የሚመኝ ሰው ደግሞ ሦስት ወር ሊቆጥር አይገባም፤ ዛሬውኑ ለቤተሰቡ ይንገር፣ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሳይተኛ አድሮ ምንም የማይደክመው፣ ጉልበቱና ወሬው ከልክ ያለፈም እንዲሁ።

ሁለተኛዋ ልጄ አሁን 12ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ጥር ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስነሣ የክፍሏ መብራት በርቶ አየሁ። ጎረቤቱ «ልጅሽ እኮ ሌሊቱን ቀን አድርጋ ነው የምታጠና» እያለ ያመሰግናታል። ይህን ስሰማ እንዝርቷ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «እማዬ ደህና ነኝ፣ ፈተና ነው» አለችኝ፤ እኔ ግን ደብተር ገዝቼ ሰጠኋት። በሁለት ሳምንቱ ያየነው፣ መጽሐፏን ዘግታ ጋደም ስትል በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ እንደሚወስዳት ነው። የጎደላት እንደ ዳቦ ጋጋሪዋ ጊዜ ነው። ከራት በኋላ የምትጠጣውን ቡና አስቀረን፣ ጥናቷን ወደ ማለዳ አዞርን። ሰባቱን ጥያቄ ስትሞላ 5 ወጣላት። ግን ይዛው የመጣችው ቁልል ውስጥ አያቷም እኔም አለን፤ ፈተናው ደግሞ ገና ነው። ደብተሩን ከራስጌዋ አላነሣነውም።